የጊደሮቹ ዓምድ

ሰኞ ጠዋት፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ዙልማ የማቴ ቅሏን ይዛ፣ ውሃው እስኪበርድ ሳትጠብቅ፣
ያገሩን ቢላዋ ትቆጥራለች።
ከሰሜን፣ ከምሥራቅ፣ ከወንዝ ዳር ቄራ
ሌሊት የገባው ወረቀት ተደርድሯል በተራ፤
በሬው በአንድ ዓምድ፣ ላሚቱ በሌላ ዓምድ፣
ከዚያ ወይፈን፣ ጊደር፣ ጥጃ፣
በስተመጨረሻ ክብደቱ በቶን፤
ደም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ የቀዘቀዘ እርድ።

ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ
ያገር ሆድ ሲሞላና ሲጎድል በአኃዝ ያየች፣
ቻይና ስትገዛ መስመሩ ሲቀና፣
ቻይና ስታኮርፍ ሲጎብጥ የለየች፣
የግራፉን አመል እንደ ጎረቤት አመል የለመደች።

ዘንድሮ መስመሩ አሻቅቧል።
አለቃዋ ፌሊሲያኖ ከረባቱን እያላላ፣
«ምርት ጨመረ!» አለ፣ «ርዕሱ ይኸው ነው፣ ጻፊው በቀለም እንደደመቀ፤
ያገር ቀይ ሥጋ አምናን በለጠ፣ ካቻምናን ናቀ።»

እሷ ዝም።
ዓይኗ አራተኛው ዓምድ ላይ ነው።

ቅኔ ቤት ውሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው፣
«ሰሙን ላስክ እንጂ ወርቁን መቼ ቀመስከው?»
ይለው ነበር መሪጌታው።
ሰሙ፦ ሥጋ በዛ።
ወርቁ፦ ጊደር አለቀ።

ዝናብ ከቀረ ሁለት በጋ ሆነ።
ኩሬው እንደ ተረከዝ ተሰነጠቀ፣ ሣሩ እግር ሥር እንደ ብስኩት ደቀቀ።
መኖ የሚገዛበት ያጣው ባለ ከብት
ገና ኮርማ ያላያትን፣ ጡቷ ያላጋተውን
ከነነገዋ ጭኖ ሰደዳት።
ስትታረድ «አንድ ራስ» ተብላ ትጻፋለች፤
የከርሞ ጥጃዋ አይጻፍም፣
የጥጃዋ ጥጃ አይጻፍም፤
ላልተወለደ ዓምድ የለም።
የዘር እህሉን ቆልቶ የበላ ሰውም
ያን ማታስ ጠግቦ ያድራል።

በዚያ አገር ከብት ሁሉ ጆሮው ላይ ቁጥር አለው፣
ከተወለደበት በረት እስከ ተሰቀለበት ሜንጦ የሚከተለው።
ከምሳ በኋላ፣ ቢሮው ባዶ ሳለ፣
ዙልማ የታኩዋሬምቦን ዝርዝር ከፈተች።
ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣
ቆመ።
አሥራ አንድ ጊደር። የወንድሟ የአፓሪሲዮ በረት።

እሁድ ደውሎላት ነበር እኮ!
ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት አወራት፣ ስለ ልጁ ሠርግ፣
ስለ ተሰረቀ የአጥር ሽቦ።
«ከብቶቹስ?» ስትለው
«አሉ» አላት።
«አሉ» ብቻ።

በአራት መቶ ሰባት የሚያልቀውን ቁጥር ታውቀዋለች።
ያን ቢጫ ምልክት ሲሰኩባት ጭንቅላቷን አቅፋ የያዘቻት እሷ ነበረች፣
በዕረፍቷ፣ በጥቅምት፣ መስኩ ገና መስክ ሳለ፤
ግንባሯ ላይ ወተት የፈሰሰባት የምትመስል ቀይ፣
ከፍርሃቷ ስትመለስ ክርኗን የላሰቻት።
አሁን ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ።
አጥንትን ጨምሮ።

አሥር ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ወጣ።
ርዕሱ አለቃው እንዳለው ነው፣ በትልቁ።
እግርጌው ላይ ግን፣ መነጽር በሚያስወልቅ ደቃቅ ፊደል፣
ማንም ያላዘዛትን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰካች፦
«ከታረዱት ውስጥ የጊደሮች ድርሻ ከፍ ብሏል።»
ማን ያነበዋል? እንጃ።

ማታ ሥጋ ረክሷልና ሰፈሩ በሙሉ ከሰል አያያዘ፤
የጎን ጥብሱ ጭስ በረንዳዋን ወረሰ፣ የልጆች ሳቅ ከታች መጣ።
እሷም ሰው ናት፣ ምራቋን ዋጠች፣
በዋጠችው አፈረች።
ስልኩን አነሣች።

ስለ ጊደሮቹ አልጠየቀችውም።
«ዘነበ?» አለችው።
ብዙ ቆይቶ፣
የበር ማጠፊያ ሲያንቋርር ከተሰማት በኋላ፣
ወጥቶ ሰማዩን ያየ መሰላት፣
«ደመናው» አለ፣ «አለ።»